ይድረስ ለወርቅ ሜዳሊያው ስቲከር

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከትናንት ማታው ራስ ምታት በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ሱፐርማርኬት ውስጥ የተገናኘን ዕለት ትዝ ይልዎታል? እኔ የፈለግሁት ከሥራ መልስ አንድ ሁለት ብርጭቆ የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ወይን ነበር። መደርደሪያው ሙሉ ጠርሙስ ነው፤ ሁሉም እኔን፣ እኔን ይላል። ግራ ገብቶኝ ስንቀዋለል እርስዎ ከአንዱ ጠርሙስ ላይ ብልጭ አሉ። ወርቅ! ያውም በዚህ ዋጋ! የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው አቅፌዎት ካሸሩ ጋ ደረስኩ።

ለመሆኑ ማን ነው የሸለመዎት? ዙሪያዎን የተጻፈችው ደቃቅ ጽሑፍ በመነጽርም አልነበብ አለችኝ።

እውነተኛ ተሸላሚ ነኝ ይሉ ይሆናል። ይሁን። ሮበርት ሆጅሰን የሚባል ጡረታ የወጣ ካሊፎርኒያዊ ፕሮፌሰር ራሱም ወይን ይጠምቅ ነበር። ወይኖቹ አንዱ ውድድር ላይ ወርቅ አግኝተው ሌላው ላይ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱበት ነገሩ ከነከነው። የ13 ውድድሮችን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ አየ። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከሦስት በላይ ውድድር ገብተው ወርቅ ካገኙት ወይኖች 84 በመቶዎቹ ቢያንስ አንዱ ጋ ምንም ሳያገኙ ተመልሰዋል። እርስዎ ያሸነፉበትን ነገሩኝ፤ የተሸነፉበትን ዋጥ አደረጓት። አልፈርድብዎትም፣ እኔም ሲቪዬ ላይ አልጽፍም።

ዘመድዎን፣ ጠርሙስ ላይ የሚጻፈውን «ሪዘርቭ» የሚለውን ቃል፣ ሰላም ይበሉልኝ። ስፔን ውስጥ አንድ ቀይ ወይን «ሬዘርቫ» ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ 1 ዓመቱ በርሜል ውስጥ ነው። ሕግ ነው። አሜሪካ ሲሄዱ ግን ቃሉን ደስ ያለው ሁሉ ይለጥፈዋል። ያንን ቂጡ የጎደጎደ ከባድ ጠርሙስም እንዳይረሱት። እሱም የሚይዘው እንደ ቀላሉ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ ትርፉ መስታወት መሸከም።

ቂሜ ግን ሌላ ነው።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። ነጭ ወይን ነው፤ ጀርባው ላይ «ትኩስ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል» ይላል። ስቀዳው የቆየ ማር መሰለ። አሸተትኩት፤ ተቆርጦ ያደረ ፖም። ቡሹ አበላሽቶት ይሆን ብዬ እንዳላሳብብ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ነው። ብርጭቆዋን ግን ጨረስኳት፤ የተከፈለበት ነገር አይደፋም። ከዚያ እልህ ያዘኝና እርስዎን በጥፍሬ ቀስ እያልኩ መላጥ ጀመርኩ።

ከሥርዎ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ወይኑ የተመረተበት ዓመት! ስድስት ዓመት አልፎታል። ለዕለት ተዕለት የሚሠራ ርካሽ ነጭ ወይን ያለው ሀብት ትኩስነቱ ነው፤ አብዛኛው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ መጠጣት አለበት። ያቺን ቁጥር ባያት ኖሮ መልሼ አስቀምጠው ነበር። ያ ሁሉ ባዶ ቦታ እያለልዎት፣ መርጠው እሷ ላይ ተኙባት።

ከእንግዲህ እርስዎ ከዓይኔ ትይዩ ቆመው ሲያብረቀርቁ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ዓመት ስፈልግ ያዩኛል።

ለጊዜው ግን አልተለያየንም። ግማሽዎ ጠርሙሱ ላይ፣ ግማሽዎ አውራ ጣቴ ላይ ቀርተዋል። በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፤ አልለቅ ብለዋል።

አክባሪዎ፣
ባለ ወርቅ አውራ ጣቱ ደንበኛ