«ማህተም አለበት እኮ!»

አክስቴ ጡረታ እስኪወጡ ቀበሌ ማህደር ክፍል ነው የሠሩት። የሚያጠራጥር ወረቀት ሲመጣላቸው አውራ ጣታቸውን በምራቅ ነካ አድርገው ማህተሙን ያሹታል። ቀለሙ ከለቀቀ እውነተኛ ነው፤ ካልለቀቀ የማተሚያ ቤት ሥራ። እንግዲህ እኚህን ሴትዮ ነው እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በአንዲት ካርቶን ወረቀት የሸወዷቸው።

ዜግነት ከያዙ ወዲህ የመጀመሪያ ምርጫቸው ነበር። ፖስታ ሳጥናችን ሳምንቱን ሙሉ በቅስቀሳ ወረቀት ተጠቅጥቆ ሰነበተ፤ ጥርሱን የገለጠ፣ ባንዲራ የያዘ፣ ውሻ ያቀፈ እጩ ሁሉ። አንዷ ወረቀት ግን ንስር ያለበት ክብ ማህተም መሳይ ነገር ታትሞባታል፣ ከላይ በደማቁ «ኦፊሺያል የመራጮች መመሪያ» ትላለች። አክስቴ የሚወዱት የአገረ ገዢው ፎቶ አለ፤ ከሥሩ ለካውንቲ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ስም ላይ ራይት ተደርጓል። ፓርቲው የላከው መስሏቸው ይዘዋት ሄደው እንዳለችው አጠቆሩ። ማታ ስንጫወት ነው ጉዱ የወጣው። እሑድ እሑድ ቤተክርስቲያን እየመጣች በተሰባበረ አማርኛ «ሰላም ነው?» የምትለንን እጩ እመርጣለሁ ሲሉ ከርመው፣ ለካ ተፎካካሪዋን መርጠውባታል!

«ማህተም አለበት እኮ፣ ልጄ!» አሉኝ። ሌላ ምን ይበሉ?

ወረቀቷን ገለበጥኳት። ጥጓ ላይ ሰናፍጭ በምታክል ፊደል ወጪው በእጩው ኮሚቴ እንደተሸፈነ ተጽፏል። በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ አጉልቼ ነው ያነበብኩት። የሞንትጎምሪ ካውንቲ መምህራን ማህበር በፖም ቅርጽ የሚያሳትማት የምርጫ ወረቀት እኮ የማን እንደሆነች ከሩቅ ትታወቃለች። ሰው ሲፈልግ ይችላል ማለት ነው።

«ክሰስልኝ» አሉኝ። እኔም ተናድጄ ስለነበር ሕጉን መቆፈር ጀመርኩ። አሜሪካ በፖስታ ማጭበርበርን ወንጀል ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ግን ሕጉ የሚጠብቀው ገንዘብንና ንብረትን ነው፤ የአክስቴ ድምፅ ከሁለቱም አይደለም። ሌላ የፖስታ ሕግ ደግሞ የመንግሥት ደብዳቤ አስመስሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው የመንግሥት አለመሆኑን በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድዳል። ቫይታሚን ሻጩ ይጻፍ፣ ወንበር ፈላጊው ግን በንስሩ ይብረር! ኦሃዮ ስለ እጩ እያወቁ መዋሸትን የሚከለክል ሕግ ነበራት፤ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2016 ከመናገር ነጻነት ጋር ይጋጫል ብሎ ጣለው።

እኛው ሰፈርም ታሪክ አለው። በ2006 የምርጫ ዕለት ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ሪፐብሊካኖቹን አገረ ገዢ ቦብ ኤርሊክንና ለሴኔት የሚወዳደረውን ማይክል ስቲልን የሚያስመርጥ ወረቀት ሲታደል ዋለ። ርዕሱ ግን «የዴሞክራቶች የናሙና ድምፅ መስጫ» ነበር። ከአዳዮቹ ብዙዎቹ ከፊላደልፊያ በአውቶቡስ የመጡ ቤት አልባ ሰዎች ነበሩ። በ2010 ኤርሊክ እንደገና ሲወዳደር ደግሞ፣ ድምፅ መስጫው ሳይዘጋ፣ ከ100 ሺህ በላይ ለሚሆኑ የዴሞክራት መራጮች «አሸንፈናል፣ ዘና በሉ፣ የቀረው በቴሌቪዥን ማየት ነው» የሚል የተቀዳ ስልክ ተደወለ። የዘመቻው ኃላፊ ፖል ሹሪክ በ2011 በዚህ ጥፋተኛ ተባለ። እንግዲህ እንደገባኝ ሰውን አታሎ ቤት ማስቀረት ወንጀል ነው፤ አታሎ ያላሰበውን ማስመረጥ ግን እንደ ፖለቲካ ይታለፋል።

አገር ቤት ማጭበርበር ሲባል ሐሳባችን የሚሮጠው ወደ ኮሮጆ ነው። የኮሮጆውን ነገር እናውቀዋለን፣ አልከራከርም። ግን በ97ቱ ምርጫ አክስቴ ንብ የማን እንደሆነች፣ ሁለት ጣት የማን እንደሆነ ማንንም ሳይጠይቁ ያውቁ ነበር። ደግሞም ድምፅ ከመስጠት በፊት የጥሞና ጊዜ የሚባል አለ፤ ቅስቀሳ ቆሞ ሰው ከራሱ ጋር ይመክራል። እዚህ በምርጫው ዕለት ጠዋት እንኳ ፖስታ ሳጥን ስከፍት ሦስት ወረቀት ወደቀብኝ። የቤቱን ኪራይ የምከፍለው እኔ፣ ቆሻሻውን የማወጣው እኔ!

ክሱ አልሆነም። አክስቴም ለሁለት ቀን አኮረፉኝ፣ የላኩት እኔ ይመስል። በሦስተኛው ቀን አንድ ፖስታ መጣ፤ ንስር አለበት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አውራ ጣታቸውን ምራቅ ነካ አድርገው ማህተሙን አሹት።

አልለቀቀም።

«ይኼ ደግሞ የማነው?» አሉና ሳይከፍቱት ወደኔ ወረወሩት። የመብራት ሒሳብ ነበር።