ጸባይ ብቻ ለሚፈልጉ ወገኖቻችን የቀረበ ምስጋና

«ዘንድሮ ሰው ሁሉ ገንዘብ አምላኪ ሆኗል» የምትሉ፣ እስቲ የትዳር ፈላጊ ማስታወቂያዎችን አንብቡ። «ሀብት አልሻም፣ መልክ አልመርጥም፣ ጸባዩ ጥሩ የሆነና ፈጣሪውን የሚፈራ ይበቃኛል።» እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው! ከሥሩ «ቁመቱ ከ1.80 ያላነሰ፣ የራሱ ቤት ያለው፣ ቢቻል ውጭ የሚኖር» የሚል አለ። እሱ ለማጣፈጫ ያህል ነው።

ወንዶቹም አይታሙም። «ትሑትና ቁም ነገረኛ እህት እፈልጋለሁ» ይሉና በውስጥ መስመር ሙሉ ቁመናዋን የሚያሳይ ፎቶ ይጠይቃሉ። ትሕትና በጉርድ ፎቶ በደንብ አይታይማ!

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ በስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው፣ 37 ባህሎችን በዳሰሰ ጥናት፣ ወንዱም ሴቱም ደግነትንና ብልህነትን ከላይ አስቀምጠዋል። ጻድቁ እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው። ኋላ ግን ኢስትዊክና ፊንክል የሚባሉ ሁለት ምቀኛ ተመራማሪዎች ተነሡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለጥቂት ደቂቃ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ አስተዋወቁ። ተማሪዎቹ አስቀድመው «የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው» ያሉትና ፊት ለፊት ሲገናኙ የማረካቸው ሰው ብዙም አልገጠመም። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳተሙት።

እኛ ጋ ቢመጡ ያፍሩ ነበር። እኛ ጸባይ ካልን ጸባይ ነው፤ ፈልገን አናጣውም። ዝምተኛው ሰው ኮንዶሚኒየም ካለው «አስተዋይ» ነው፤ ተከራይ ከሆነ «ደባሪ»። ቶሎ ግንፍል የሚለው መኪና ከያዘ «በሆዱ ቂም የማይዝ ቀጥተኛ ሰው»፤ በታክሲ ከመጣ «ነገረኛ»። ቆንጆዋ አንድ ሰዓት አርፍዳ ስትመጣ ራሷን የምታከብር ናት። መልኳ መካከለኛ የሆነችው ሩብ ሰዓት ካረፈደች ግን «ለሰው ክብር የላትም» ተብላ ትታለፋለች። ስልክ የሚበረብረውም፣ ከማን ጋር እንዳመሸች የሚመረምረውም፣ ደመወዙ ደህና እስከሆነ ድረስ «ስለሚወደኝ ነው» ይባልለታል። (ሥራ የለቀቀ ቀን ቅናቱ በሽታ ይሆናል።)

ከሁሉ የሚደነቁት ግን ቤተሰቦች ናቸው። ሽማግሌ ሲላክ ጥያቄው አያልቅም። ልጁ የማን ዘር ነው? የት ነው የሚሠራው? ቤቱስ የራሱ ነው? ሲናደድ ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅማ የተከበሩ ሽማግሌዎችን መድፈር ነው። እሱ ከሠርጉ በኋላ ይጣራል። ያኔ እነዚያው ሽማግሌዎች ለዕርቅ ይጠሩና ቡናቸውን ፉት እያሉ «እንዲህ ያለ ጸባይ እንዳለው ማን አወቀ!» ይላሉ።