ለሙፍቲው መታሰቢያ አዳራሽ ወይስ ድስት?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለ አንድ ዕድር፣ በጥቅምት 2018 ወደ አኼራ የሄዱትን የቀድሞውን የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት (መጅሊስ) ፕሬዚዳንት ሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስን በየዓመቱ በጋራ ዝግጅት እናስባቸው የሚል ሐሳብ ቀርቦለት አባላቱ ለሁለት ተከፍለዋል። ክርስቲያኑ የዕድሩ ጸሐፊና አንድ አንጋፋ ሙስሊም አባል በጽሑፍ ተከራክረዋል።

ጸሐፊው፦ ሐጂ፣ እዚህ ሰፈር ያገናኘን ዕጣ ነው። ከመርካቶውም ከጉለሌውም የመጣው በአንድ ደረጃ ይውጣ ይውረድ እንጂ አብሮ አላደገም። የእርስዎ ትውልድ ጎረቤቱን በቡና ያውቃል፤ የእኛ ልጆች የሌላውን ሃይማኖት የሚያውቁት ስልካቸው ላይ ከሚጮኸው ሰባኪና ኡስታዝ ነው። ያ ደግሞ ምን ሲል እንደሚውል አያጡትም። ታዲያ ለእነዚህ ልጆች «እንዲህ ያሉ አባት ነበሩን» ብሎ መናገር ምኑ ነው ክፋቱ? ዳዊት ሳትደግም እህል የማትቀምሰው እናቴ እንኳ፣ ሙፍቲው በቴሌቪዥን ሲመጡ «ድምፁን ጨምሩት» ትል ነበር። አዳራሽ እንከራይ፤ ቄሱም ፓስተሩም ሼኹም ይምጡ።

ሐጂ፦ ልጄ፣ እናትህን አላህ ያቆይልን። መውደድህን አልጠራጠርም፤ የምቃወመው ዝግጅቱን ነው። የሞተን ሰው ቀን ቆጥሮ ማሰብ እኛው ዘንድ ያጨቃጭቃል። ወሎ ያደግነው መውሊድና ሰደቃ ለምደናል፤ «ቢድዓ ነው፣ ሃይማኖት ላይ የተጨመረ ነው» የሚል ወንድምም እዚሁ ብሎክ ላይ አለ። ሙፍቲው የደከሙት እነዚህን ሁለቱን አንድ የሶላት ሰልፍ፣ አንድ ሶፍ ላይ ለማቆም ነበር። በ2010 መጅሊሱና ሕዝቡ ተኳርፈው ሳለ ዘጠኝ አባላት ያሉትን ኮሚቴ የመሩት እሳቸው ናቸው። በሚያዝያ 2011 ዑለማው ተሰብስቦ የመጅሊሱን አመራር ለእሳቸው ሰጠ፤ በ2012 መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ሲያገኝም ፕሬዚዳንቱ እሳቸው ነበሩ። ይህን ሁሉ ትተህ ከጳጳስ ጋር የተጨባበጡበትን ፎቶ ብቻ ባነር ላይ ልትሰቅል? እሳቸው መጀመሪያ የገዛ ቤታቸውን ነው ያስታረቁት። ደግሞ በሐምሌ 2014 አመራሩ ሲቀየር የነበረው ቅሬታ ከሁሉም ልብ አልወጣም። አዳራሽህ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ማንን ልታስቀምጥ ነው?

ወዲህ ደግሞ ኮሚናላችንን፣ የጋራ ቤታችንን ተመልከት። ለቅሶ ሲኖር ድስቱ ያው ድስት ነው፤ ትናንት የእናንተ ሥጋ የተሠራበት ዛሬ ምስር ይሠራበታል። ሽንኩርቱን ስትከትፍ ያረፈደችው ባለቤቴ ይህን ታውቃለች። ግን ለቀስተኛ ፊት አትናገርም፤ «ጠግቤያለሁ» ትልና ቡናዋን ጠጥታ ትመለሳለች። ለአዳራሽ ኪራይ የምታወጣውን ሁለት ትልልቅ ድስትና ጭልፋ ግዛበት። ጆሯቸውን አረንጓዴ ቀባና ለብቻ ይቀመጡ።

ጸሐፊው፦ ድስቱ ይገዛ፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ግን ለምን እንደተገዛ ያልተነገረው ልጅ አረንጓዴውን አይቶ «የእነሱ ዕቃ» ብሎ ያልፋል፤ ይባስ ብሎ መለያያ ይሆናል። ያጨቃጭቃል ብለን የምንተው ከሆነ ደግሞ ሙፍቲው በ2010 አርፈው ቤታቸው በተቀመጡ ነበር። የ2014ቱን ቅሬታ ዕድር አይፈታውም፣ እውነት ነው። ባለሥልጣን ካልጠራን ግን ፊት ወንበር የሚባል ነገር የለም። ቀኑም ካስቸገረ ጥቅምት መሆኑ ይቅር።

ሐጂ፦ ቀኑን ከተውክ፣ ባለሥልጣኑን ካስቀረህ፣ ባነሩንም ካነሣህልኝ የቀረህ ምሳ ነው። ምሳውን እቀበላለሁ። እዚሁ ኮሚናል፣ ሁላችንም የምንበላው የጾም ወጥ ተሠርቶ፣ ያለ ንግግር።

ጸሐፊው፦ ባነሩን መች አነሣሁ? አንድ ሰውም ይናገራል፤ የኮሚቴውን ታሪክ አሁን እንዳወሩልኝ እርስዎ ቢያወሩላቸው ደስ ይለኛል። ለጠቅላላ ጉባኤው በዚሁ መልክ አቀርበዋለሁ።

ሐጂ፦ አቅርበው። እኔ እጄን የማወጣው ለድስቱ ነው።