ልጄ አይደለም እንዴ?

ወላሂ በቃኝ! ልጄ በሂሳብ መውደቁን ከማን ሰማሁ? ደሴ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ካገኘኋት የክፍል ጓደኛው እናት! ሦስት ፈተና ወድቋል አለችኝ። ሦስት! እኔ እናቱ አላውቅም።

ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ጥበቃው ከበር መለሰኝ፤ «መምህሩ ክፍል ገብተዋል።» በማግስቱ ሄድኩ። «ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው።» ዛሬ ደግሞ ከሥራ ቀርቼ ሄድኩ። «ካርድ ሲሰጥ ያዩታል» አሉኝ። ካርድ ሲሰጥ ምን ላደርግለት ነው? መንፈቅ ዓመቱ ካለቀ በኋላ?

ለመዋጮ ሲሆን ስልኬን ከየት ያገኙታል? አንድም ቀን ሳይደውሉ ቀርተው አያውቁም!

አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። የመንግሥት ትምህርት ቤትስ የማን ነው? የጠየቅኩት የሰው ልጅ ውጤት አይደለም፤ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩትን የራሴን ልጅ ነው። መምህሩ ብዙ ተማሪ እንዳለበት አውቃለሁ፣ አዝንለታለሁም። ግን አምስት ደቂቃ! የቱ ላይ እንደከበደው ይንገረኝ፤ ማታ አብሬው ልቀመጥ። ክፍልፋይ ነው? ማባዛት ነው? ምኑ ነው?