ማስተካከያ፦ ቲኮ ጣቢያ ከጨረቃ ጀርባ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ለጠረጴዛ ጨዋታችን ስለፈጠርነው የጠፈር ንግድ ጣቢያ ስጽፍ ሁለት ነገር አበላሽቻለሁ። ጣቢያው ቲኮ የተባለው ሰማይን በቴሌስኮፕ ባጠና ሰው ስም ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ የሞተው በ1601 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቴሌስኮፕ ብቅ ያለው ከዚያ ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ሰውዬው ያን ሁሉ ኮከብ የለካው በባዶ ዓይኑ ነው፣ በትልልቅ መለኪያዎች እየታገዘ። (አፍንጫው በሰይፍ ፍልሚያ ተቆርጦ በናስ ተክቶት ነበር፤ ይቺን ጨዋታው ውስጥ ሳልከት አልቀርም።)

ሁለተኛው ይብሳል። ጣቢያውን ከጨረቃ ጀርባ አስቀምጬ ነጋዴዎቹ ምድርን አያዩም ብያለሁ። ጣቢያው ያለበት፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው የጨረቃ ጉድጓድ ቲኮ ግን ወደ ምድር በዞረው በእኛ በኩል ነው፣ ወደ ደቡብ። ያላመነ ጨረቃ ስትሞላ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወጥቶ በባይነኩላር ይይ፤ ከአንዲት ነጭ ነጥብ እንደ ጃንጥላ ሽቦ የተዘረጉ ጭረቶች ያያል። ነጥቧ ቲኮ ናት።

ስለዚህ የጨዋታው የጣቢያ ካርድ ላይ «ምድር አትታይም» የሚለውን ሰርዙት። በጨዋታው ያለው የበረዶ ዋጋ አልተነካም፣ አትጨነቁ።