ውዳሴ ለባለሽጉጡ ወንድማችን

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተውን የሰርግ ቪዲዮ ያላየ ካለ ዕድለኛ ነው። ቨርጂኒያ፣ አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ሚዜዎቹ አምረዋል። ከበሮው ሲሞቅ የአንዱ ኮት ግልጥ ይልና ከሸሚዙ ሥር የሽጉጥ እጀታ ብቅ! ታዳሚው አጨበጨበ። መሣሪያ ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ ያወጣ ሰው መሣሪያውን ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያሳይ ከማመስገን በቀር ምን ይባላል? እኔም ላጨብጭብ።

በመጀመሪያ ለአመራረጡ። ወንድማችን ሱቅ ገብቶ ከተደረደሩት ሁሉ ትንሿን፣ ቀላሏን፣ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋዋን አነሣ። ትንሽ ሽጉጥ ለጀማሪ ትመቻለች ብሎ ነው። የዋህ! ዕቃው በቀለለ ቁጥር እጅ ላይ የሚያርፈው ግፊት ይበረታል፤ እጀታው ሲያጥር ትንሿ ጣት የምትይዘው ታጣለች፤ የፊትና የኋላው ማነጣጠሪያ ሲቀራረቡ ደግሞ ኢምንት የእጅ ስሕተት ዒላማው ላይ ስንዝር ትሆናለች። የትናንሾቹ ሞላ ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ነውና ማቀባበሉ ራሱ ጉልበት ይጠይቃል። ለጀማሪ የሚሻለው መካከለኛው ነው፤ ጥይቱ 9 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ እንደ ግሎክ 19 ያለ፣ 15 ጥይት የሚይዝ። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደወጣው ሲግ ፒ365 ያሉት ቀጫጭኖቹ፣ 10 የሚይዙት፣ ለለመደ እጅ ናቸው። ይህን ለወንድማችን መንገር ግን ድፍረት ነው፤ እሱ የመረጠው በቀለሟ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥበቡ ሳይተኩስ መታጠቁ ነው። ሌሎቻችን ሞኞች ስለሆንን አዲስ ሽጉጥ ቢያንስ 200 ጥይት ሳይነክስ፣ ማለትም ጥይት ሳይቀረቀርበት፣ ካልተኮሰልን አናምነውም፤ ከዚያ ውስጥ 50ው ደግሞ የምንታጠቀው ጥይት ራሱ መሆን አለበት። ለልምምድ የሚገዛው ርካሹ ጥይት ጫፉ ድቡልቡል ነው፣ እየተንሸራተተ ይጎርሳል፤ የምንታጠቀው፣ ጫፉ ጎድጓዳ የሆነው ግን አንዳንድ ሽጉጥ ላይ መግቢያው ጋ ሲደርስ ይቀረቀራል። የላላ እጅም የራሱ ጣጣ አለው። ሲተኮስ የላይኛው ብረት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ የሚሄደው የታችኛው አካል ጸንቶ ሲቆምለት ነው። የእጅ አንጓ ከላላ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል፣ ባዶው ቀለህም እንደ ጭስ ማውጫ ተገትሮ ይቀራል። መፍትሔው ካዝናውን ከታች መታ አድርጎ ብረቱን ወደ ኋላ ስቦ መልቀቅ ነው። የወንድማችን መፍትሔ ሽጉጡን ወደ ፊቱ አዙሮ በአፈሙዙ ወደ ውስጥ ማየት ነው። ምላጩን ለማቅለልም ርካሽ ሞላ ገዝቶ ቀይሯል፤ መቺው አቅም አጥቶ ጥይት ሲከሽፍበት የጥይት ፋብሪካውን ይረግማል።

ወደ ዋናው ቅኔ እንግባ። አፎት የለውም። ሽጉጡ ሱሪው ውስጥ ነው፣ በእምብርቱ በኩል፣ የያዘው ቀበቶው ብቻ። ጥይት ጎርሷል። የዚህ ዓይነቱ ሽጉጥ አብዛኛው በአውራ ጣት የሚቆለፍ መጠበቂያ የለውም፤ ከውጭ ያለችው ጥበቃ ምላጩ ላይ የተሰካች ምላስ ናት፣ ጣት ይሁን የሸሚዝ ጫፍ አትለይም። ጎጃም ተከፈተ፤ ትከሻ ብቻ ነው፣ ደኅና ነን። ወሎ ሲመጣ አንገት ተጨመረ፣ ሽጉጡ አንድ ጣት ያህል ወረደ። ጉራግኛ ገባ። ጉልበት ወደ ላይ ሲል ሽጉጥ ወደ ታች ይላል፣ የሸሚዙ ጫፍ ተጠቅልሎ ምላጩ ቀለበት ውስጥ ይገባል። ትግርኛ ላይ በክብ ስለሚዞር ትንሽ ዕረፍት አገኘን፤ በዚያው አንዲት እናት "እደግ!" ብለው ወገቡን መታ መታ አደረጉት። ኦሮምኛው ሲጀምር ዘለለ። ሽጉጡም በሱሪው እግር በኩል ጉዞ ጀመረ፤ ጭን ደረሰ፣ ወደ ጉልበት አዘገመ፣ እናም ወንድማችን በሁለት እጁ ሊቀልበው ተወረወረ!

ቢተወው የሚሰበረው ክብሩ ብቻ ነበር። አብዛኛው ዘመናዊ ሽጉጥ ወለል ላይ ቢወድቅ በራሱ እንዳይተኩስ መቺውን የሚያግድ ክፍል ውስጡ አለው። እየወደቀ ያለ ሽጉጥ የሚቀልብ ጣት ግን የሚያርፈው ምላጩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒው ዮርክ የምሽት ክበብ ውስጥ አንድ ዝነኛ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ከወገቡ የተንሸራተተ ሽጉጥ የገዛ ጭኑን መትቶት በኋላ ሁለት ዓመት ተፈርዶበታል። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ የማይጨፈለቅ፣ ጠንካራ ቀበቶ ላይ የሚቆለፍ የካይዴክስ (የጠንካራ ፕላስቲክ) አፎት 60 ወይም 70 ዶላር ነው። "ውድ ነው" ይላል፤ የሚዜነት ጫማውን ግን ዋጋ ሳይጠይቅ ነው የገዛው።

ወገቡን ሲቆረቁረው ሽጉጡን አውጥቶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ይጨምርና ኮቱን ጓዳ ካለው ክምር ላይ ይጥለዋል። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። እዚያ ክምር ላይ ነው ልጆቻችን የሚተኙት፣ ኪስ እየበረበሩ ማስቲካ የሚፈልጉት። ትንሽ ልጅ በአንድ ጣቱ ባይችል በሁለት አውራ ጣቶቹ ምላጩን ይገፋዋል። የጎረሰ ሽጉጥ ወይ አፎቱ ውስጥ ሆኖ ሰውነትህ ላይ ነው፣ ወይ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ ያስቀመጠው ሰው ወንድ ሊባል ቀርቶ ሰርግ ሊጠራ አይገባውም፤ አይቶ ዝም ያለውም እንዲሁ!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው ልመለስ። ወንድማችን ሕግ አዋቂም ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ሽጉጥ ደብቆ የያዘ ሰው መጠጥ በሚሸጥ ምግብ ቤት ውስጥ አልኮል እንዳይቀምስ ይከለክላል። እሱም ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ከሰርጉ ሲወጣ ሽጉጡን እንደታጠቀ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ፈቃዱን ጨርሶ በማትቀበለው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቶ ነው የጠጣው።