የቡቺ ቀበቶ

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

ሽምብጥ፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ቤተሰብ ቡችላ አመጣ። ቃጭል ያለው ቀይ ቀበቶ ከሱቅ ገዙላት። ልጆቹ አቅፈዋት ቪዲዮ ተቀረጹ፣ ቲክቶክ ላይ ለቀቁት። ሁላችንም "ስታምር!" አልን። ከወራት በኋላ ቤት ሲቀይሩ ቡቺን ጥለዋት ሄዱ። ቀበቶውን እንኳ አልፈቱላትም።

ቡቺ ሥጋ ቤት ለሥጋ ቤት እየለቀመች አደገች። መጀመሪያ የአንገቷ ጸጉር ተመለጠ። ከዚያ ቃጭሉ ዝም አለ፤ ደምና አፈር ደፍኖት ነበር። ቆይቶ ቀበቶው ጭራሽ አልታይ አለ። ወልቆ የወደቀ መስሎኝ ነበር። ለካ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል! ሽታው ሲብስ "አብዳለች" ብለን በድንጋይ አባረርናት።

አንድ ባጃጅ ነጂ ነው በጆንያ ጠቅልሎ ሐኪም ዘንድ የወሰዳት። አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ ቀበቶውን ቆርጦ አወጣው። አምስት ቀዳዳ አለው። የተቆለፈው በመጀመሪያው፣ በቡችላው ልክ ነው። አራቱን የነካቸው የለም።

ይህን ይቅር ማለት አቃተኝ። ግብፅ ውስጥ በ1899 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው ማይሄርፕሪ ከሚባል የጥንት ሹም መቃብር ሁለት የውሻ የቆዳ ቀበቶዎች ተገኝተዋል፤ አንዱ ላይ የውሻዋ ስም ተጽፏል። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት! የአውሮፓ እረኞች ተኩላ ጉሮሮውን እንዳይዘው ለውሻቸው ባለ ሹል ብረት ቀበቶ ያስሩለት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጄምስ ስፕራት ለንደን ላይ የውሻ ብስኩት መሸጥ ጀመረ፤ የውሻ ዕቃም ትልቅ ንግድ እየሆነ መጣ። ይኸው እኛም ሱቅ ደረሰ። ዕቃውን ገዛን፣ ማላላቱን ረሳን።

እኛ ደግሞ የጎጃም ልጆች ነን። አያቴ ቀንበር ሲያወርድ ገና ውኃ ሳይጠጣ የበሬውን አንገት ይዳብስ ነበር። በቅሎው ገጣባ ያወጣችበት ሰው ገበያ መሄድ ያፍር ነበር። ማን አስረሳን?

እኔስ? ሦስት ሳምንት ሙሉ እያየሁ አለፍኩ። አፍንጫዬን ይዤ።

እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ ወደ ግቢ ውጡ። ገመድም ይሁን ቀበቶ፣ ከሥሩ ሁለት ጣት አስገቡ። ካልገባ አላሉት።

ቡቺ አሁን ባጃጅ ነጂው ግቢ ናት። ሰው እጁን ሲያነሳ አሁንም መሬት ላይ ትለጠፋለች። ትናንት ግን የጎረቤት ልጅ የራሱን ውሻ አንገት በሁለት ጣት ሲለካ አየሁት። ማንም አላዘዘውም።